ሊፍት ባለው ጂፕ ላይ ወፍራም ታይሮድና ፍሊፕ ኪት፦ ከወራት በኋላ

ብዙ ልጆች ስለዚህ ዕቃ ስለሚጠይቁኝ በአንዴ ልጻፈው። መኪናዋ የ2013 ጂፕ ራንግለር ጄኬ ናት፣ ባለ አራት በር፣ 3.5 ኢንች ሊፍት (ከፍ ማድረጊያ)፣ 35 ኢንች ጎማ። የምኖረው ዴንቨር ስለሆነ አዘቦት ቀን ሥራ የምሄድባት እሷው ናት፣ ሲመቸን ደግሞ ተራራ እንወጣለን ወይ ዩታ ሞአብ ድረስ እንሄዳለን። የፋብሪካውን ታይሮድ (ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘውን ዘንግ) እና ድራግ ሊንክ (ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄደውን ዘንግ) አውጥቼ ወፍራም ክሮሞሊ (ጠንካራ ብረት) ከነፍሊፕ ኪቱ ያስገባሁት ባለፈው መስከረም ነው። የአምራቹን ስም አልጠራም፣ ማስታወቂያ ይመስልብኛል።

የጄኬ የፋብሪካ ታይሮድ ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦ ነው፣ ለ32 ጎማ ይበቃል፣ 35 አስገብታችሁ ድንጋይ መሃል መሪ ስትጠመዝዙ ግን ሊጎብጥ ይችላል። ወፍራሙ ይሄንን ፈቶታል፣ ሞአብ ላይ ድንጋይ ፍቆት ቀለሙ ብቻ ነው የተላጠው።

ግን እውነቱን ለመናገር አነዳዷን የቀየረው ውፍረቱ አይደለም። መኪና ከፍ ሲል ድራግ ሊንኩም ትራክ ባሩም (የፊት አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ ከሻንሲው ጋር የሚይዘው ዘንግ) ይዘቀዝቃሉ፣ ጉድጓድ ስትገቡ አክስሉ ወደ ጎን ይሄዳል፣ የኔዋ አይ-70 አውራ ጎዳና ላይ ጎርበጥ ያለ ቦታ ባገኘች ቁጥር ጅብ እንዳየች በቅሎ ወደ ጎን ነበር የምትፈናጠረው። ፍሊፑ ድራግ ሊንኩን ከናክሉ (ጎማው የሚታሰርበትና ከመሪው ጋር የሚዞረው ብረት) ሥር አውጥቶ ከላይ ያስረዋል፣ ለዚህ ናክሉ መበሳት አለበት፣ አንዴ ከበሳችሁት ደግሞ እንደድሮው አይሆንም። ዋናው ነገር ትራክ ባሩም አክስሉ ላይ በብራኬት አብሮ ከፍ ማለት አለበት፣ ሁለቱ ትይዩ ካልሆኑ እኮ መኪናው መሪ ሳትነኩት ራሱ ይጠመዝዛል፣ ገንዘብ ለመቆጠብ አንዱን ብቻ የሚያደርጉ ሰዎች ከበፊቱ የባሰ መኪና ይዘው ነው ከጋራዥ የሚወጡት። አብሮ ሲሆን ግን ኩርባ ላይ መጋደሉ ሁሉ ይቀንሳል፣ ይሄን አልጠበቅኩትም ነበር።

ከገጠማችሁ በኋላ በሁለቱ የፊት ጎማዎች መሃል ያለውን ርቀት ከፊታቸው በኩል ከኋላቸው 1/8 ኢንች ያህል ጠበብ አድርጉ፣ በሜትር ይለካል። መሪውንም ድራግ ሊንኩ ላይ አስተካክሉት፣ ጠመም ብሎ ከቀረ ኢኤስፒው (መኪና እንዳይንሸራተት ራሱ ፍሬን የሚይዘው ሲስተም) እየታጠፋችሁ ይመስለውና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ፍሬን ሊይዝባችሁ ይችላል። የትራክ ባር ቡሎን 125 ፉት ፓውንድ፣ ትንሽ ከነዳችሁ በኋላ ድገሙት። ዴዝ ዎብል (የፊት ጎማዎቹ በኃይል የሚንቀጠቀጡበት ችግር) ሲነሳ ሁሉም ስቲሪንግ ዳምፐር (የመሪ ንዝረት ማለዘቢያ) ለመግዛት ይሮጣል፣ እሱ መንቀጥቀጡን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። በነገራችን ላይ የድሮው የዳምፐር ማሰሪያ በወፍራሙ ታይሮድ ላይ አይገባም፣ ሌላ መግዛት ነበረብኝ።

ያልወደድኩት? የዘንጎቹ ጫፎች፣ መገጣጠሚያዎቹ። ክረምት ላይ እዚህ መንገዱ ላይ የሚረጩት ማግኒዚየም ክሎራይድ ብረት ይበላል፣ የአንዱ ጫፍ ላስቲክ በበጋው ተሰንጥቆ ግሪሱ ሲወጣ አገኘሁት። ጫፉ ራሱ እስካሁን አልላላም፣ ግን ግሪስ ጋን ይዞ ግሪስ መሙላት የማይወድ ሰው ይሄን ዕቃ ባይገዛ ይሻለዋል፣ የፋብሪካው ዝም ብሎ የሚነዳ ነበር።

ሌላ፣ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ አልመለስ ካላችሁ ይሄ ኪት አይረዳችሁም፣ እሱ በሊፍቱ የጠፋ ካስተር (የጎማው መዞሪያ ወደ ኋላ ያለው ዘንበል ማለት) ነው፣ ኮንትሮል አርም (አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚይዘው ክንድ) ነው የሚፈልገው። 2 ኢንች ብቻ ከፍ ያደረጋችሁም ታይሮዱን ቀይሩና ፍሊፑን ተዉት፣ አክስሉ ወደ ላይ ሲመጣ ድራግ ሊንኩ ሻንሲውን ሊመታ ይችላል።