ኢንተርኔት ሳታገናኙ ላፕቶፕ እንዳትገዙ

ይህን የምጽፈው በተለይ ለእናንተ፣ ሀርድዌርና ኔትወርክ እየሰለጠናችሁ መለማመጃ ላፕቶፕ ፍለጋ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ቃሊቲ ሱቅ ለሱቅ ለምትዞሩ ነው። ኪሊንጦ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩም አንብቡት። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ሻጩ እያየ፣ ሪሴት አድርጋችሁ፣ ማለትም ያለውን ሁሉ አጥፍታችሁ እንደ አዲስ አስነስታችሁ፣ ኢንተርኔት ሳታገናኙ አንድ ብር እንዳትከፍሉ። እኔ ይህን ባለማድረጌ የ34 ሺህ ብር ዕቃ ይዤ ተቸግሬያለሁ።

ብሩ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። 25 ሺው እቁብ ደርሶኝ ነው። 9 ሺውን ታላቅ ወንድሜ ሞላልኝ። የምሰለጥንበት ቦታ አንድ ኮምፒውተር ለሦስት ሰው ነው የሚደርሰው፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ፈተና ላይ ግን ብቻዬን ነው የምቀመጠው፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ የምፈታውና የምጭነው፣ ቢበላሽም የማስተካክለው የራሴ ማሽን ያስፈልገኝ ነበር።

የሱቁን ስም አልጽፍም። ሻጩ ትሁት ልጅ ነው። "ነይ ግቢ እህቴ" ብሎ ወንበር ሰጠኝ። ላፕቶፑ ኮር አይ ፋይቭ፣ 8ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ። ዊንዶውስ 11 ፕሮ ተጭኖበታል። ሴቲንግስ ገብቼ አየሁት፣ አክቲቬትድ ይላል፣ ፈቃዱ ተረጋግጧል ማለት ነው። ኦፊሱም ፎቶሾፑም አለ። "ምንም ሳትነኪ መጠቀም ብቻ ነው" አለኝ። ዋይፋይ አለ ወይ ስለው "ዛሬ ኔትወርክ የለም" አለ። የኔ ስልክ ላይ ግን ኔትወርክ ነበረ። ሆትስፖት ከፍቶ ማገናኘት ይቻል ነበር፣ አላሰብኩትም።

ደረሰኝ ስጠይቀው "በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ትጨምሪያለሽ" አለኝ። 5,100 ብር ማለት ነው። የለኝም። ቢዝነስ ካርዱን ገልብጦ ጀርባው ላይ "3 ወር ዋስትና" ብሎ በእስክሪብቶ ጻፈልኝ። ይዤው ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ በገፋ ቁጥር የላፕቶፑ ገመና እየወጣ መጣ።

የመጀመሪያው ስለ ተጠቃሚ አካውንቶች የተማርን ሳምንት ነው። አሰልጣኛችን ኮምፒውተር ማኔጅመንት ውስጥ ሎካል ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ የሚለውን እንድንከፍት አደረገን። ቤት ገብቼ የራሴ ላይ ከፈትኩት። አድሚኒስትሬተርስ የሚለው ግሩፕ ውስጥ ከኔና ዊንዶውስ ራሱ ከሚፈጥረው አድሚኒስትሬተር ሌላ አንድ አካውንት አለ። እኔ አልፈጠርኩትም። መግቢያው ስክሪን ላይም አይታይም፣ ተደብቋል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አድሚን የሆነ ሰው የሌላውን ተጠቃሚ ፓስወርድ መቀየር፣ ፋይሉን መክፈት፣ የፈለገውን ፕሮግራም መጫን ይችላል። የዚያን አካውንት ፓስወርድ የሚያውቀው ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ የመታወቂያዬ ስካን አለ፣ የወንድሜ የባንክ ወረቀት አለ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አካውንቱን አጠፋሁት፣ የራሴንም ፓስወርድ ቀየርኩ።

ሁለተኛው አክቲቬሽን ነው። ሴቲንግስ ላይ አክቲቬትድ የሚል ጽሑፍ ማየት አይበቃም። ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱና ኤስኤልኤምጂአር ብላችሁ ክፍተት ተዉ፣ ከዚያ ስላሽ ኤክስፒአር ብላችሁ ኢንተር በሉ። ትክክለኛ የግል ላይሰንስ ከሆነ በቋሚነት አክቲቬት ሆኗል የሚል ትንሽ መስኮት ይመጣል። የኔ ላይ የመጣው የማብቂያ ቀን ነው። በኤክስፒአር ፈንታ ዲኤልአይ ብዬ ስሞክር ደግሞ ቮልዩም ኬኤምኤስ የሚል ጻፈ። ኬኤምኤስ ትልልቅ ድርጅቶች ብዙ ኮምፒውተር ካላቸው በራሳቸው ሰርቨር አክቲቬት የሚያደርጉበት መንገድ ነው፣ 180 ቀን ያገለግላል፣ ከዚያ በፊት ኮምፒውተሩ ሰርቨሩን እያገኘ ያድሳል። እኔ ቤት ምንም ሰርቨር የለም። ክራኩ ነው፣ ማለትም ላይሰንስ ሳይገዛ ዊንዶውሱን አክቲቬት የሚያደርገው ፕሮግራም፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ እንደ ሰርቨር የሚመልሰው።

ይህን ሲሰማ "ታዲያ ምን አለበት፣ ሁሉም ሰው ክራክ ነው የሚጠቀመው" የሚል ብዙ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን ክራኩ እንዲሠራ ምን እንደተደረገ እዩ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ገብቼ ኤክስክሉዥንስ የሚለውን ስከፍት ሲ ድራይቭ በሙሉ ተመዝግቧል። የዊንዶውሱ ጸረ ቫይረስ፣ ዲፌንደር፣ ሲ ላይ ያለውን ምንም ነገር እንዳይፈትሽ ተነግሮታል ማለት ነው። ሲኦሲ ለመለማመድ ከየሰው ፍላሽ ፋይል የምገለብጥበት ላፕቶፕ ሁለት ወር ሙሉ በሩ ክፍት ነበር። "ኦሪጂናል ዊንዶው" ብሎ ነው የሸጠልኝ።

ሦስተኛው ነው ዋናው።

ሁለቱን ካየሁ በኋላ ሁሉንም አጥፍቼ ከአዲስ ልጀምር አልኩ። ሪሴት ዚስ ፒሲ የሚለውን ገብቼ ሁሉንም አጥፋ የሚለውን መረጥኩ። አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ። ሲጨርስ ቋንቋና አገር ጠየቀኝ፣ ከዚያ ኢንተርኔት አገናኚ አለኝ። ሆትስፖት ከፈትኩለት። ትንሽ አሰበና የማላውቀው የውጭ አገር ድርጅት አርማ ስክሪኑ ላይ ወጣ። እንኳን ደህና መጣችሁ ብሎ የድርጅቱን ኢሜይልና ፓስወርድ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲያ ማለፊያ የለም።

እኔ ያበላሸሁት መሰለኝ። በነጋታው ማሰልጠኛው ሄጄ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በወረደ ንጹህ ዊንዶውስ ፍላሽ ሠራሁ። ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ኢንተርኔት ሲገናኝ ያው አርማ ተመልሶ መጣ።

አሰልጣኛችን ሲያየው ወዲያው አወቀው። አውቶፓይለት ይባላል። ድርጅቶች ላፕቶፕ ሲገዙ የማሽኑን የሀርድዌር መለያ ማይክሮሶፍት ጋ በራሳቸው ስም ያስመዘግባሉ። ሠራተኛው የትም ሆኖ ሲከፍተው፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ማሽኑ "የማን ነኝ" ብሎ ይጠይቃል፣ የድርጅቱ መሆኑ ይነገረዋል፣ የድርጅቱ ሕግና ፕሮግራም ይጫንበታል። ምዝገባው ያለው ዲስኩ ላይ አይደለም። ለዚህ ነው ፎርማት ብታደርጉት፣ አዲስ ኤስኤስዲ ብትገዙለት የማይለቀው። መለያው በዋናነት ከማዘርቦርዱ ጋር ነው የተያያዘው። ድርጅቱ ላፕቶፑን ሲያስወግድ ስሙን ከዝርዝሩ ማውጣት ነበረበት። አላወጣም። ረስቶ ሊሆን ይችላል። ተሰርቆበትም ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ሐሳብ እስካሁን ይከብደኛል።

ሻጩ ታዲያ እንዴት ከፈተው? ዊንዶውስ 11 አዲስ ሲጫን ኢንተርኔት ካላገኘሁ አላልፍም ይላል። ነገር ግን በብዙዎቹ ስሪቶች ላይ ሺፍትና ኤፍ 10 ተጭኖ ኮማንድ በመጻፍ ያለ ኢንተርኔት ሎካል አካውንት፣ ማለትም እዚያው ማሽኑ ላይ ብቻ የሚሠራ አካውንት፣ ፈጥሮ ማለፍ ይቻላል። መጀመሪያ ሲዋቀር ኢንተርኔት ካላየ ማሽኑ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። "ዛሬ ኔትወርክ የለም" ያለኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሴቲንግስ ውስጥ አካውንትስ ሥር አክሰስ ወርክ ኦር ስኩል የሚል ቦታ አለ። እዚያ የድርጅት አካውንት ከታየ ላፕቶፑን አስቀምጡና ውጡ። ባዶ ከሆነ ግን ነጻ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። የኔም ባዶ ነበር።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ትህትናው ጠፍቷል። "ሪሴት አድርጊ ያለሽ ማነው? አንቺ ነሽ ያበላሸሽው፣ ዋስትናው ለሀርድዌር ነው" አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ 1,500 ብር ከከፈልሽ መልሼ እጭንልሻለሁ አለ። መልሶ ቢጭነው ያው የተደበቀ አካውንት፣ ያው ክራክ ነው። አልተስማማሁም። ሌላ ሱቅ ያለ ልጅ ደግሞ ዊንዶውስ ሆም ልጫንልሽ አለኝ። እውነቱን ነው፣ አውቶፓይለት ሆም ላይ አይሠራም። ግን ሆም ላይ ግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተር የለም፣ ሎካል ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ አይከፈትም፣ ዶሜይን መቀላቀል አይቻልም፣ በሪሞት ዴስክቶፕ ወደ እሱ መግባትም አይቻልም። እነዚህ ናቸው ክፍል ውስጥ የምንማራቸው። ሠርቶ ለመማር ለሚገዛ ሰው ሆም የሚሆን አይደለም።

ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። ቅዳሜ ከሰዓት ተቻኩላችሁ ታክሲ እየጠበቀ አይሆንም። ዳታ ያለው ስልክ ያዙ። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ይሰካ፣ ሪሴት እያደረገ መብራት ቢጠፋ ባትሪው ይያዘው። ሪሴቱ ላይ ሎካል ሪኢንስቶል የሚለውን ምረጡ፣ ክላውድ ዳውንሎድ ካላችሁ ብዙ ጊጋ ዳታ ይበላችኋል። ሲጨርስ በራሳችሁ ሆትስፖት አገናኙትና የማንንም አርማ ሳያሳይ የግል አካውንት ወደሚጠይቀው ገጽ ካለፈ ጥሩ ነው። ሻጩ "እንዴት ሪሴት ታደርጋለህ፣ ሶፍትዌሩ ይጠፋል" ካለ ይጥፋ በሉት። እምቢ ካለ ተነሱ።

ከዚያ አጥፍታችሁ ስታበሩት ባዮስ ግቡ፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ የራሱ ማስተካከያ ነው። ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1 ነው። ፓስወርድ ከጠየቀ አትግዙት። "የባዮስ ባትሪ ነቅለን እናጠፋዋለን" የሚለውን አትስሙ፣ ለድርጅት የሚሠሩት አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ ባትሪ በመንቀል አይጠፋም። እዚያው ሴኩሪቲ የሚለው ሥር ኮምፒውትሬስ ወይም አብሶሉት የሚል ካለና በርቶ ከሆነ ባለቤቱ ከሩቅ ሊቆልፈው ይችላል።

ባትሪውንም በዓይን አትገምቱ። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ፓወርሲኤፍጂ ብላችሁ ክፍተት፣ ስላሽ ባተሪሪፖርት ስትሉ አንድ ፋይል ያወጣላችኋል። ሲሠራ የነበረው አቅምና አሁን የሚይዘው ጎን ለጎን ተጽፏል። የኔ ከግማሽ በታች ነው።

ስለ ጀነሬሽኑም ልበል። ዊንዶውስ 10 ማይክሮሶፍት ነጻ ድጋፉን ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ዊንዶውስ 11 በግድ እየተጫነ ይሸጣል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የማሽኑ የደህንነት ክፍል ይፈልጋል፣ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ። ሩን ላይ ቲፒኤም ነጥብ ኤምኤስሲ ብላችሁ ስሪቱን እዩ። በግድ የተጫነበት ማሽን ዛሬ ይሠራል፣ ነገ አፕዴት ስለማግኘቱ ግን ማይክሮሶፍት ዋስትና አይሰጥም። 4ኛና 5ኛ ጀነሬሽን "ዊንዶውስ 11 ነው" እየተባለ በአዲስ ዋጋ ሲጠየቅ ሰምቻለሁ።

አሁን ላፕቶፑ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባል ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጭኛለሁ። አውቶፓይለት የዊንዶውስ ነገር ስለሆነ ኡቡንቱን አይነካውም። ዊንዶውሱን ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር ሆኖ በሚከፈት ፕሮግራም፣ እለማመዳለሁ፣ በ8 ጊጋ ራም እየተንቀራፈፈም ቢሆን።

አሰልጣኛችን አንድ መንገድ አሳየኝ። ምዝገባውን ሊያነሳ የሚችለው ያስመዘገበው ድርጅት ነው፣ ስለዚህ ለአይቲ ክፍላቸው ጻፊላቸው አለኝ። የማሽኑን ሲሪያል ቁጥር አያይዤ፣ የት እንደገዛሁት አስረድቼ ጻፍኩ። መልስ ይሰጡኛል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። በአራተኛው ቀን መለሱ። በትህትና ነው የጻፉት። ሲሪያል ቁጥሩን እንዳገኙት፣ ከዝርዝራቸው ሊያወጡት እንደሚችሉ፣ ለዚህም መጀመሪያ በሕጋዊ መንገድ መግዛቴን የሚያሳይ ደረሰኝ እንድልክላቸው ጠየቁኝ።

እኔ ያለኝ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ቢዝነስ ካርድ ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። ቅዳሜ አዋጁን አትሜ፣ ወንድሜን ይዤ ሱቁ እሄዳለሁ። ከዚያው አካባቢ ተመሳሳይ ነገር ያጋጠማችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እንሂድ።