ባዶ የሚመስለው ቫያል፦ ስለ ቲኤንኤፍ አልፋ ግዢያችን

ለቤተ ሙከራችን ያስመጣነው ቲኤንኤፍ አልፋ የሚባለውን የሰው ፕሮቲን ነው፤ ሪኮምቢናንት፣ ማለትም በዘረመል ምህንድስና የተሠራ። ሴሎች ላይ ብግነት ለማስነሳት እንጠቀምበታለን። ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ይመረታል፣ ይጣራል፣ ደርቆ በዱቄት መልክ ይመጣል። መጠኑ 50 ማይክሮግራም።

አዲስ ተማሪ ቫያሉን (ትንሿን ብልቃጥ) ሲያይ «ይሄ እኮ ባዶ ነው!» ይላል። አይፈረድበትም። ስስ ነጭ ሽፋን ብትታይ ነው፣ አንዳንዴ እሷም የለችም። ስለዚህ ሳትከፍቱ በፊት ሴንትሪፉጅ አድርጉት (በማሽን አሽከርክሩት)። ክዳኑ ላይ የቀረው ካልወረደ ስትከፍቱት ብን ብሎ ይሄዳል፤ የከፈላችሁት ዶላርም አብሮ።

ዱቄት መሆኑን ወድጄዋለሁ። በደረቅ በረዶ የሚላክ ዕቃ አዲስ አበባ እስኪደርስ፣ ወረቀቱም እስኪያልቅ ድረስ ልብ ያንጠለጥላል። ይሄኛው ያለ በረዶ መጥቶ ምንም አልሆነም።

ሥራውን ይሠራል ወይ? ይሠራል። ሰርተፊኬቱ ኤል929 በሚባሉት የአይጥ ሴሎች ላይ፣ አክቲኖማይሲን ዲ (ሴሎቹን ለቲኤንኤፍ ይበልጥ የሚያጋልጥ መድኃኒት) ተጨምሮ፣ በሚሊ ሊትር ከ50 ፒኮግራም በታች ግማሹን ሴል ይገድላል ይላል። እኛም ጋ ከዚያ ብዙ አልራቀም። ኤ549 የሳንባ ሴሎች ላይ በሚሊ ሊትር 10 ናኖግራም አድርገን በማግስቱ ኢንተርሉኪን 8 (ሴሎች ሲቆጡ የሚያወጡት የብግነት መልእክተኛ ፕሮቲን) ለካን። የኤላይዛው (ፕሮቲንን በቀለም የሚለካው ምርመራ) ሰማያዊ ቀለም ወዲያው ጠቆረ፤ አሲዱን ስንጨምርበት ደማቅ ቢጫ። ቲኤንኤፍ ያልጨመርንባቸው ጉድጓዶች ግን ውሃ መስለው ቀሩ።

እኔን የገዛኝ ግን የኢንዶቶክሲኑ ማነስ ነው። ፕሮቲኑ ከባክቴሪያ ስለሚወጣ የባክቴሪያው ግድግዳ ቅሪት፣ ማለትም ኢንዶቶክሲን፣ አብሮት ሊመጣ ይችላል። ሞኖሳይት (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ደግሞ ያን ቅሪት ካገኘ ቲኤንኤፉን አይጠብቅም፣ ራሱ ይነሳል። ያኔ የለካችሁት የማንን ሥራ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? ከዚህ በፊት ከሌላ ሻጭ በርካሽ የመጣልን ነበር። ሰርተፊኬቱ ስለ ኢንዶቶክሲን ትንፍሽ አይልም። ብናፈላው ሞኖሳይቶቹ አሁንም ኢንተርሉኪን 6 (ሌላ የብግነት መልእክተኛ) ያመርታሉ! ቲኤንኤፍ ሲፈላ ይሞታል፤ ኢንዶቶክሲን ግን ሙቀት ብዙም አይበግረውም። ርካሽ ያልነው ነገር ጉዱ ወጣ። የአሁኑ ሻጭ ግን ኢንዶቶክሲኑ በማይክሮግራም ከ0.1 ዩኒት በታች መሆኑን በሎት (የምርት ዙር) ቁጥሩ ጽፎ ልኳል፣ ስናፈላውም ሞኖሳይቶቹ ዝም አሉ። ለዋጋው ልዩነት አላዝንም።

የማማርረው መመሪያው ነው። ሳጥኑ ውስጥ ወረቀት የለም፣ የሚቃኝ ኮድ ብቻ። ኔትወርክ በሌለበት ቀን በስንት ማይክሮሊትር እንደሚሟሟ ከየት ይመጣል? እኛ 0.1 በመቶ ቢኤስኤ (የከብት ደም ፕሮቲን) ባለው ንጹህ ፒቢኤስ (የጨው ውህድ) አሟሙተን፣ በትንንሹ ከፋፍለን ኔጌቲቭ 80 ዲግሪ ፍሪዘር ውስጥ እናስገባዋለን። አንዴ የቀለጠ ተመልሶ አይገባም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ፍሪዘራችሁ ጄኔሬተር ላይ መሆኑንም ቀድማችሁ አረጋግጡ።

መጠኑ ላይ አንድ ምክር። በሚሊ ሊትር 10 ናኖግራም ከሆነ 50 ማይክሮግራም ለ5 ሊትር ሚዲየም (ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ) ይበቃል። አንድ ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ደግሞ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው የሚፈልገው። ትንሽ ቤተ ሙከራ ከሆናችሁ፣ በማይክሮግራም ሲሰላ ቢወደድም፣ ባለ 10 ማይክሮግራሙን እዘዙ።