ከዘይት ወደ እጅ፦ አንዲት ፓስቲ ቤትና የአዲስ አበባ የመክሰስ ሰዓት

በአዲስ አበባ ስለ ምግብ ቤት ሲጻፍ ወሬው ሁሉ ክትፎና ጥብስ ነው። መክሰስን የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው፤ ከተማው ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ድረስ ቆሞም እየሄደም የሚበላው እሱን ነው። ስለዚህ ይህ ግምገማ የጠረጴዛ ልብስ የሚነጠፍባቸውን ቤቶች አይመለከትም።

ዋናው ጉዳዬ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲሄዱ ወደ ውስጥ ገባ ብላ የምትገኝ ፓስቲ ቤት ናት። ታፔላ የላትም። በሩ ላይ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች፣ ከውስጥ ከሰል ላይ የተጣደ ሰፊ ብረት ድስት፣ ከጎኑ ሊጥ የያዘ ጎድጓዳ ሳፋ፤ ቤቱ ይኸው ነው። የዋጋው ዝርዝር ካርቶን ላይ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ቁጥሩ ላይ ሌላ ወረቀት፣ በዚያም ላይ ሌላ ተደርቦበታል፤ የኑሮ ውድነትን ታሪክ ማወቅ የፈለገ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ መላጥ ይበቃዋል።

ባለቤቷን ሁሉም «እትዬ» ይላቸዋል። ወረፋው ሲረዝም አንዱ ተማሪ «እትዬ፣ ለእኔ ሁለት፣ ስኳር ሳይነካው» ብሎ ቢጮህም አይቸኩሉም። «ቆይ ልጄ፣ ዘይቱ ይጋል» ይሉታል። ከሊጡ ቆንጥረው ይጥላሉ፤ ከሥር ከተኛ ይጠብቃሉ፣ ወዲያው እየተንጣጣ ከተንሳፈፈ ሥራ ይጀመራል። የቤቱ ሙያ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ለብ ባለ ዘይት የገባ ሊጥ ዘይቱን ይጠጣል፤ በጋለ ዘይት የገባው ግን ገጹ ቶሎ ይደርቅና በውስጡ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ይነፋዋል። እትዬ ድቡልቡሉን ሊጥ ዘይት በነካ መዳፋቸው ዳምጠው፣ ጠርዙን በጣቶቻቸው ስበው ይለቁታል። ፓስቲው መሃሉ ላይ ያብጣል፤ አንድ ጊዜ ይገለበጣል፤ ከዚያ ዘይቱ እስኪንጠፈጠፍ ወንፊት ላይ ይቀመጣል። ጠርዙ ሲነከስ ይሰበራል፣ መሃሉ ግን እየተሳበ ይለቃል። ስኳር የሚነሰንሱበት አሉ፤ እኔ አልስማማም፣ ጨውና እርሾው በደንብ የሚታወቀው ያለ ስኳር ነው።

ሻዩን እንደ ፓስቲው ማመስገን አልችልም። ቀረፋና ቅርንፉዱ ጥሩ ነው፤ ስኳሩ ግን አስቀድሞ ስለሚገባ አፍ ያጣብቃል። ሻይና ቡናው በአንድ ብርጭቆ የሚቀርብበት ስፕሪስ ይሻላል፣ የቡናው ምሬት ጣፋጩን ያለዝበዋል። ለእጅ መታጠቢያ ያለችው አንዲት ጀሪካን ስለሆነች መሃረብ መያዝ አይከፋም።

ይህን ሁሉ የምለው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተደርድሮ የሚውል መክሰስ ስላስመረረኝ ነው። ቦሌ አካባቢ ስሟን የማልጠራት አንዲት ካፌ ጠዋት የተጠበሰ የምስር ሳምቡሳ ከሰዓት በኋላ በማይክሮዌቭ አሙቃ አቀረበችልኝ፤ ቅጠሉ፣ ማለትም ምስሩ የተጠቀለለበት ስስ ሊጥ፣ እንደ ራሰ ቆዳ ተለጥጦ ቀረ። ማይክሮዌቭ የምስሩን እርጥበት ወደ ቅጠሉ ይገፋዋል እንጂ መልሶ አያደርቀውም። ሳምቡሳ በወጉ ለመብላት ረመዳን ሲገባ ማፍጠሪያው ሲቃረብ መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ አካባቢ መሄድ ነው። ከዘይት በወጣበት ቅጽበት ስለሚሸጥ ወረቀቱ ሳይቀር እጅ ያቃጥላል፤ ቃሪያው ምስሩን ሳይጫነው ከኋላ ይመጣል።

ክረምት ላይ ደግሞ ፉክክሩ ከበቆሎ ጥብስ ጋር ነው። ዝናቡ ሲያባራ በየመንገዱ ዳር ማንደጃ ይዘው የሚቀመጡት እናቶች ቅጠሉን ገለጥ አድርገው እንድትመርጡ ይፈቅዳሉ። ፍሬውን በጥፍር ጫን ሲሉት ነጭ ፈሳሽ የሚያወጣው ለጋ ነው፤ ለጥርሱ ለማይሰጋ ሰው ግን ትንሽ ጠንከር ያለው ከሰል ላይ የበለጠ ይጣፍጣል። በ2016 ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ከፈረሱ ወዲህ ፒያሳ ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር ለማግኘት ወደ ውስጥ ውስጡ መግባት ይጠይቃል።

ከፓስቲው በኋላ ለቡና የምሄደው ወደ ቶሞካ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1953 ጀምሮ ፒያሳ አለ፤ ሰው ረጃጅሙን ጠረጴዛ ከብቦ፣ ቆሞ ነው የሚጠጣው። ከጣሊያን የወረስነው ማኪያቶ በትንሽ ብርጭቆ ሲመጣ የሚቆላው ቡና ሽታ ቀድሞ ይቀበላችኋል። የአቮካዶ፣ የማንጎና የፓፓያ ጭማቂ ተደራርቦ የሚቀርብባቸውን ጭማቂ ቤቶች ለሌላ ቀን ማቆየት ይሻላል። በማንኪያ የሚበላ ጭማቂ ራሱን የቻለ ምሳ ነው፣ ከፓስቲ ጋር አይገጥምም።

ነጥብ ስጥ ብባል ለፓስቲው ከአሥር ዘጠኝ፣ ለሻዩ አምስት እሰጣለሁ። ሊጡ ወተትም እንቁላልም ስለማይነካው ረቡዕና ዓርብ ጿሚው ሁሉ ወደዚያው ስለሚጎርፍ በእነዚህ ቀናት ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ድረሱ። ዝርዝር ብር መያዝ አትርሱ፤ ባለ ሁለት መቶ ብር ኖት ይዞ የመጣን ሰው እትዬ ወረፋው ካለቀ በኋላ ነው የሚያስተናግዱት።