የለውዝ ማሽኗ ሱሉልታ ከገባች ወዲህ

መብራት ሲጠፋ ቤቴ ውስጥ የማይቆም ማሽን እሷ ብቻ ናት። ሳንቲም ከተው እጀታዋን ሲያዞሩ የምትሸጥ የድሮ ማሽን ናት። ኖርዝዌስተርን ሞዴል 33 ትባላለች፤ አሜሪካ፣ ኢሊኖይ፣ ሞሪስ ከተማ የተሠራች። ሞዴሉ በፈረንጆቹ 1933 የወጣ ነው። የእኔዋ ለውዝ የምትሸጠዋ ናት።

መጀመሪያ ስፈታታት ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላወቅኩም። ሳንቲሟ የምትቀመጥበት ጎድጓዳ ያለው ክብ ብረት አላት። ጎድጓዳው ባዶ ከሆነ አንዲት የብረት ጥርስ ትገባበትና እጀታውን ትይዘዋለች። ሳንቲም ካለበት ጥርሷ መግቢያ ታጣለች፤ እጀታው ይዞራል፣ ከላይ ያለው ቀዳዳ ሳህን አብሮ ይዞርና ለውዙ ዱብ ዱብ ይላል። በቃ። ሞተር የለ፣ ገመድ የለ።

ራስ ምታቱ ሳንቲሙ ነው። የምታውቀው የአሜሪካን ፔኒ (የአንድ ሳንቲሙን) ብቻ ነው፤ ስፋቱ 19.05 ሚሊ ሜትር። የኛ አምስት ሳንቲም ለጥቂት አይገባም። የአንድ ብሩ ሳንቲምማ ጭራሽ አይታሰብም። ጎረቤቴ ጋሼ «ማስገቢያውን በሞረድ ትንሽ ብናሰፋውስ?» አሉኝ። አይሆንም፣ ጋሼ። እንዲህ ያለ ዕቃ አንዴ ከተሞረደ ዋጋውም ወዙም አለቀ። ይልቅ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቼ ሲመጡ ፔኒ ይለቅሙልኛል። በፈረንጆቹ 1982 ከመዳብ ወደ ዚንክ ቢቀየርም ስፋቱ ስላልተነካ አሮጌውም አዲሱም ይሠራል። ለእንግዳ ሳንቲም የማድለው እኔው፣ ማታ ከፍቼ የምሰበስበውም እኔው። ትርፍ አትጠይቁኝ።

ቆሎም ከትቼባት አውቃለሁ። ገብሱ ሳህኑ ሥር እየገባ ያንቃታል፤ ሽምብራው ግን እንደ ውሃ ይወርዳል። ጨው ያለው ለውዝ ግን በፍጹም! ጨውና የሱሉልታ ክረምት ከተባበሩ ብረት አይተርፍም። ልትገዙ ካሰባችሁ ከቀለሙ በፊት ሳህኗን አንሥታችሁ ሥሩን እዩ። ብዙዎቹ የተበሉት እዚያ ነው።

ሻጩ «ምንም አልጎደላትም» ብሎ የሰጠኝ ያለ ቁልፍ ነው። መርካቶ አንድ ቁልፍ ቀራጭ ከብዙ ማጉረምረም በኋላ አወጣላት፤ ከዚያ ወዲህ ዘይት ጠብ ከማድረግ ሌላ ወጪ የለኝም።

ለንግድ ከሆነ ይቅርባችሁ። የድሮ ዕቃ ለሚወድ ግን ዓይኔን አላሽም፣ ሁለተኛም እየፈለግኩ ነው። ቀለሟ ያልተነካ ካያችሁ ጠቁሙኝ፤ ቁልፍ ባይኖራትም ግድ የለም።