የአጥንት ከሰል ፊልተር፣ 7 ወር ከተጠቀምኩበት በኋላ

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው የምንኖረው፣ የከተማችን የቧንቧ ውሃ ከጥልቅ ጉድጓድ ነው የሚመጣው። ሲያዩት ኩልል ያለ ነው፣ ሽታ የለው ቀለም የለው፣ ግን የትልቁ ልጄ ጥርስ በልዟል። ድዱ እስኪደማ ይቦርሸዋል አይለቅም፣ ቆሻሻ አይደለማ! ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሰራ ነው ውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ያበላሸው። ትንሿ 3 ዓመቷ ነው፣ ፊልተሩን የገዛሁት ለሷ ብዬ ነው።

እቃው ሁለት ባልዲ ነው፣ የላይኛው ውስጥ ተቃጥሎ የተፈጨ የከብት አጥንት አለ፣ ፍሎራይዱን እሱ ይይዘዋል፣ የተጣራው ከታችኛው ይቀዳል። መብራት አይፈልግም፣ ይሄ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። የቧንቧውን ውሃ ላብራቶሪ ሳስለካ በሊትር 4.8 ሚሊግራም ነበር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ1.5 አይብለጥ ነው የሚለው፣ ከፊልተሩ የወጣው 0.4 ሆነ። የመጀመሪያዎቹን ባልዲዎች ግን ድፏቸው፣ ቢጫ ነው፣ የተቃጠለ የተቃጠለ ይሸታል። ማጣራቱም ቀስ እያለ ስለሆነ ማታ ሞልቶ ማደር ነው። እናቴ ደግሞ አጥንት መሆኑን ስትሰማ በጾም አልጠጣም አለች፣ እውነቷን ነው፣ ለሷ የዝናብ ውሃ አጠራቅማለሁ።

የተናደድኩት በሌላ ነው። ሻጩ አንድ ዓመት ይሰራል ብሎኝ ነበር፣ በ7ኛው ወር እስቲ ብዬ ሳስለካው 1.9! ከሰሉ ጠግቧል ማለት ነው፣ ሲጠግብ ደግሞ ምንም ምልክት የለውም፣ ውሃው ያው ጥርት ያለ ነው ጣዕሙም ያው ነው፣ ባላስለካ ኖሮ ተጣራ ብዬ ለልጄ እያጠጣኋት እቀጥል ነበር። የሚቆይበት ጊዜ እንደ ውሃው ፍሎራይድና እንደምትቀዱት መጠን ስለሚለያይ ለሁሉም ቤት አንድ ዓመት ብሎ መሸጥ ልክ አይደለም።

እኛ አፍልተን ነው የምንጠጣው ለምትሉ፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አይነካም፣ እንደውም ውሃው ሲተን የቀረው ላይ ይበዛል። ውሃ አጋርም ለጀርም ነው። ነገሩ ጥርስ ላይ ብቻ አይቆምም፣ ብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንት ውስጥ ገብቶ ወገብና አንገት ያደርቃል፣ ጎረቤታችን ያሉት አባት ዞር ለማለት ሙሉ ሰውነታቸውን ነው የሚያዞሩት።

አዲስ ከሰል አስሞልቻለሁ፣ አሁን በየ3 ወሩ አስለካለሁ። ግዙት፣ ግን የማስለኪያውን ብር አብራችሁ ያዙ፣ ለወጥና ለሻይም ከሱ ቅዱ።