«ስፔክቴተር»ን ከምንጩ ማንበብ፦ የሄንሪ ሞርሊ እትም በፕሮጀክት ጉተንበርግ

በእንግሊዝ አገር የሕዝብ አስተያየት ራሱን የቻለ ፖለቲካዊ ኃይል ሆኖ የወጣበትን ዘመን ከምንጩ ማየት ለሚፈልግ አንባቢ፣ የቆዩ መጻሕፍትን በኢንተርኔት የሚያሰራጨው ፕሮጀክት ጉተንበርግ በነፃ ከሚያቀርባቸው መጻሕፍት መካከል አስቀድሜ የምጠቁመው በሄንሪ ሞርሊ አዘጋጅነት በ1891 የወጣውን ባለ ሦስት ቅጽ የ«ስፔክቴተር» እትም ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጆሴፍ አዲሰንና ሪቻርድ ስቲል ይህን ጋዜጣ ከማርች 1 ቀን 1711 እስከ ዲሴምበር 6 ቀን 1712 ድረስ፣ ከእሑድ በስተቀር በየቀኑ እያሳተሙ 555 ቁጥሮች አውጥተዋል፤ በ1714 ደግሞ አዲሰን ከሌሎች ጸሐፊዎች ጋር ቀጥሎበት ቁጥሩ 635 ደርሷል። መጽሐፉን ለማውረድ ምዝገባም ክፍያም አያስፈልግም፤ በስልክም በኮምፒዩተርም ይነበባል።

የጊዜውን ሁኔታ ባጭሩ ማወቅ ለንባቡ ይረዳል። ማንኛውም ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ፈቃድ እንዲያገኝ ያስገድድ የነበረው ሕግ በ1695 ሳይታደስ ቀረ፤ በ1702 የመጀመሪያው የእንግሊዝ ዕለታዊ ጋዜጣ «ዴይሊ ኩራንት» ታተመ፤ ከዚያ በኋላ ለፓርላማው ሥልጣንና ለፕሮቴስታንት አልጋ ወራሽነት የቆሙት ዊጎችና ለዘውዱና ለእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚያደሉት ቶሪዎች፣ ሁለቱ የፖለቲካ ወገኖች፣ በጋዜጣ ይዋጉ ጀመር። ዳንኤል ዴፎ «ሪቪው» የተባለውን ጋዜጣ የሚጽፈው ከፖለቲከኛው ከሮበርት ሃርሊ ገንዘብ እየተቀበለ ነበር፤ ጆናታን ስዊፍትም በ«ኤግዛሚነር» ለቶሪ ሚኒስትሮች ጠበቃ ሆኖ ቆሟል። «ስፔክቴተር» ወደዚህ ፍልሚያ የገባው ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ጥብቅ ገለልተኝነትን እጠብቃለሁ የሚል ቃል በመጀመሪያው ቁጥሩ ሰጥቶ ነው።

ይህ ቃል ምን ያህል እንደተጠበቀ ለመመርመር ከሁሉ የሚሻለው ከሁለት ቀን በኋላ የወጣው ሦስተኛው ቁጥር ነው። አዲሰን በሕልሙ ወደ እንግሊዝ ባንክ አዳራሽ ይገባል፤ በዚያም የአገሪቱ የመበደር አመኔታ በወርቅ ዙፋን ላይ በተቀመጠች ቆንጆ ልጃገረድ ተመስላ ትታያለች፤ በግድግዳው ላይ የንጉሡን ሥልጣን የገደበው ጥንታዊው ሰነድ ማግና ካርታ፣ የሃይማኖት መቻቻል ሕግና ዙፋኑ ከፕሮቴስታንት እጅ እንዳይወጣ የሚደነግገው ሕግ ተሰቅለዋል። ድንገት አስፈሪ ጥላዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገባሉ። ከመካከላቸው ስሙ ያልተነገረ፣ ዕድሜው ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ የሆነ ወጣት በአንድ እጁ ሰይፍ፣ በሌላው ስፖንጅ ይዟል፤ ያን ጊዜ ልጅቷ ራሷን ትስታለች፣ የገንዘቡ ከረጢቶችም በነፋስ የተነፉ ሆነው ይገኛሉ። የለንደን አንባቢ ይህ ወጣት በ1688ቱ አብዮት ከዙፋኑ የወረደው የካቶሊኩ ንጉሥ ልጅ፣ በዚያው ዓመት የተወለደውና ዙፋኑ የእኔ ነው የሚለው ጄምስ ስቱዋርት መሆኑን ለመገመት ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም ነበር፤ ስፖንጁም የመንግሥትን ዕዳ ጠርጎ ለመካድ እንደሆነ ገንዘቡን ለመንግሥት ያበደረ ሰው ሁሉ ወዲያው ይረዳል። አንድም የፓርቲ ስም አልተጠራም፤ የዊግ ወገን ክርክር ግን ከዳር እስከ ዳር ተነግሯል። በእኔ እምነት የዚህ ጋዜጣ ትልቁ ኃይል እዚህ ላይ ነው፤ «ኤግዛሚነር» አንባቢውን ሊረታው ሲከራከር፣ «ስፔክቴተር» አንባቢው መደምደሚያውን በራሱ ያገኘው እንዲመስለው ያደርጋል።

አሥረኛው ቁጥር ደግሞ ይህ ዘዴ የት ድረስ እንደተሰማ ያሳያል። አዲሰን በየቀኑ 3,000 ቅጂ እንደሚሸጥ ከአሳታሚው መስማቱን ይገልጽና እያንዳንዱን ቅጂ ሃያ ሰው ያነበዋል ብሎ 60,000 አንባቢ ይቆጥራል። ስሌቱ የራሱ ግምት ቢሆንም ጋዜጣው በየቡና ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ስለነበር ከንቱ አይደለም። የፓርቲ ጥላቻን የሚነቅፈው 125ኛው ቁጥርም ከልብ የምወደው ነው፦ በጋዜጣው ውስጥ የሚተረክለት ምናባዊ የገጠር ባላባት ሰር ሮጀር ልጅ ሳለ «የቅድስት አን መንገድ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሮማው ጳጳስ ውሻ (ካቶሊክ ለማለት ነው) ተብሎ ይሰደባል፤ «ቅድስት» የሚለውን ትቶ ሲጠይቅ ደግሞ ከሌላው ወገን ስድብ ይደርስበታል፤ በመጨረሻ ስሙን ሳይጠራ በየመንገዱ እየገባ የሰፈሩን ሰው የመንገዱን ስም መጠየቅ ይጀምራል። የተከፋፈለ ሕዝብን ሁኔታ እንዲህ በጥቂት መስመር የገለጸ ጽሑፍ ብዙ አላየሁም።

አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። ጋዜጣው ሴቶችን እንደ አንባቢ በክብር ይጋብዛል፤ ወደ ፖለቲካ ሲገቡ ግን ይገሥጻቸዋል። በ81ኛው ቁጥር በቴአትር ቤት ፊታቸው ላይ ለጌጥ የሚለጥፉትን ጥቁር ነጠብጣብ ዊጎቹ በቀኝ፣ ቶሪዎቹ በግራ ማድረጋቸውን ከተረከ በኋላ ወደ ቤታቸው ጉዳይ እንዲመለሱ ይመክራቸዋል። ሕዝብ የሚባለው ማን እንደሆነ የሚወስነውን አጥር ጋዜጣው በአንድ በኩል ሲያሰፋ በሌላ በኩል ማጥበቡን አንባቢ ልብ ሊል ይገባል።

ገለልተኝነቱ በግልጽ የፈረሰው በሜይ 1712 በወጣው 384ኛው ቁጥር ነው። የሴንት አሳፍ ጳጳስ ዊሊያም ፍሊትዉድ የ1688ቱን አብዮት ደግፈው፣ የጊዜውን መንግሥት አካሄድ ተቃውመው ለስብከቶቻቸው የጻፉትን መቅድም ጋዜጣው እንዳለ አተመው። የፓርላማው የታችኛው ምክር ቤት መቅድሙ በእሳት እንዲቃጠል ወስኖበታል፤ ጳጳሱ ግን «ስፔክቴተር» ከ14,000 በላይ ቅጂ በሰው እጅ እንዳደረሰላቸው ጽፈዋል። መንግሥት የጋዜጦችን ኃይል ማወቁን ደግሞ በኦገስት 1 ቀን 1712 ሥራ ላይ የዋለው፣ በየጋዜጣው ቅጂ ላይ የሚከፈለው የቴምብር ቀረጥ ይመሰክራል። በዋዜማው የታተመውን 445ኛ ቁጥር ያነበበ ሰው ብዙ ጋዜጦች እንደሚረግፉ አዲሰን ሲተነብይ ያገኘዋል። የ«ስፔክቴተር»ም ዋጋ ከአንድ ፔኒ ወደ ሁለት ፔኒ ከፍ አለ።

ወደ እትሙ ልመለስ። ሞርሊ በጋዜጣው መጀመሪያ የታተመውንና ደራሲዎቹ ኋላ ያረሙትን ቃል ሁለቱንም ማስቀመጡ ለጠንቃቃ አንባቢ ትልቅ ጥቅም ነው። በየጽሑፉ መጨረሻ ያሉት ፊደላትም ተጠብቀዋል፤ የአዲሰን ጽሑፍ «ክሊዮ» የሚለውን ስም ከሚሠሩት አራት የላቲን ፊደላት በአንዱ፣ የስቲል ደግሞ በአብዛኛው «አር» ወይም «ቲ» በሚባሉት ስለሚፈረም፣ የሁለቱን ድምፅ ለይቶ መከታተል ይቻላል። ጉድለቱ፣ የግርጌ ማስታወሻዎቹ የተጻፉት የአገሩን ታሪክ አስቀድሞ ለሚያውቅ የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ በመሆኑ ለእኛ አንዳንዴ የማይበቁ መሆናቸው ነው። የጋዜጣው ገጽ ምስልም የለም፤ ስለዚህ ጽሑፉ በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ ምን ይመስል እንደነበር አይታይም። እንግሊዝኛውም ረጃጅም ዐረፍተ ነገር ያለውና ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው።

ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥቶ በተራ ማንበብ አድካሚ ስለሚሆን፣ 1፣ 3፣ 10፣ 81፣ 125፣ 384 እና 445ኛ ቁጥሮችን አስቀድሞ አንብቦ ወደ ቀሩት መሄድ ይሻላል። የመጀመሪያው ቅጽ ለብቻው ተዘጋጅቶ ስለሚገኝ ሦስቱን በአንድ ላይ የያዘውን ግዙፍ ፋይል ከማውረድ በፊት በእርሱ መጀመር ይቻላል።