ኮምፕረሰሩ ቀስ ብሎ ሲሞላ፦ ንፋስ ያፈሳል ወይስ ቫልቩ ደክሟል?

ሞተሩ ይጮሃል፣ የግፊት መለኪያው (የጌጁ) ቀስት ግን 4 ባር ላይ ደርሶ አልንቀሳቀስም ይላል። ትንሽ የቤት ኮምፕረሰር እንዲህ ሲሆን እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው፦ የሚያፈስ መገጣጠሚያ ወይም የደከመ የፓምፕ ቫልቭ።

መለያው ቀላል ነው። የቻለውን ያህል ይሙላ፣ አጥፉት፣ ከሶኬት ንቀሉት፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ቀስቱ ከወረደ ንፋስ እየወጣ ነው። ከቆመበት ካልተነቃነቀ ፓምፑን ተጠራጠሩ።

የሚያፈስ ከሆነ እፎይ በሉ። ሳሙና በውሃ በጥብጡና መገጣጠሚያዎቹን በብሩሽ ቀቡ፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ እሱ ነው። ከታንኩ ስር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ አትርሷት፣ እኔ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። ሞተሩ ከቆመ በኋላ ከማብሪያው ስር ሽው ማለቱ ካላባራ ደግሞ፣ ታንኩ መግቢያ ላይ ያለው የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ አልዘጋም ማለት ነው። ምንም ከመፍታታችሁ በፊት ግን ታንኩን ባዶ አድርጉት፤ በዚህ ቀልድ የለም። የላላውን መገጣጠሚያ ቴፍሎን (የቧንቧ ማሸጊያ ቴፕ) ጠቅልላችሁ መልሳችሁ እሰሩ።

የፓምፑ ቫልቭ ከሆነ ግን ሥራ አለው። ሞተሩ እየሠራ መዳፋችሁን ወደ አየር ማጣሪያው አስጠጉ። ጤነኛ ከሆነ ይስባል። እፍ እፍ እያለ ወደ እጃችሁ ከመለሰ የማስገቢያው ቫልቭ ስስ ብረት ተሰንጥቋል፣ ወይም ቆሻሻ ይዞት አልገጥም ብሏል። ያኔ ቴስታታው (የፓምፑ የላይ ክዳን) ይፈታል፣ ጋስኬቱም (ከስሩ ያለው ማሸጊያ) አብሮ ይቀየራል። በአቧራ የተደፈነ ማጣሪያም መሙላቱን ያዘገያል፤ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት አውጥታችሁ አራግፉት።